እልልታዬ ችሎት ፊት የቆመበት ቀን

እልልታዬ ተከሶ ችሎት ፊት ቆሟል ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? እኔ አልተከሰስኩም፤ የተከሰሰው እልልታዬ ነው። ይህን ስነግራቸው የሰበታ ገበያ ሴቶች እስካሁን ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። ይሳቁ፤ ያን ቀን ግን ለኔ ሳቅ አልነበረም።

መጀመሪያ ማን እንደሆንኩ ልንገራችሁ። አስካለ እባላለሁ። ተወልጄ ያደግኩት ሰበታ ነው፤ አያቶቼም እዚያው ሲያርሱ የኖሩ ናቸው። አማርኛና ኦሮምኛ ለኔ እኩል ናቸው፤ በአንዱ እቆጣለሁ፣ በሌላው አባብላለሁ፤ በየትኛው ምን እንደማደርግ ግን ለሰው አልናገርም። ከተጂ ገበሬዎች ቅቤ እየተረከብኩ ገበያ እሸጣለሁ፤ የምኖረው በዚሁ ነው። ስሜ የታወቀው ግን በቅቤ ሳይሆን በእልልታ ነው። ሰበታ ውስጥ ሰርግ ካለ፣ ክርስትና ካለ፣ የተመረቀ ልጅ ካለ አስካለ ትጠራለች። ካልተጠራሁም እሄዳለሁ፤ ደርሼ አንዴ እልል ካልኩ በኋላ ማን ጠራሽ የሚለኝ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም።

ሌላም ጠባይ ነበረኝ። ጥፋት ካየሁ ለራሴ ነው የምወስደው። የጎረቤቴ ወጥ ካረረ፣ በወሬ ይዤያት ነው እላለሁ። ዳዊት ትምህርት ቤት ከክፍል የወደቀ ጊዜ እንኳ መምህሩ ልጁ ሰነፍ ነው ሲለኝ፣ እኔ ደግሞ ቁርሱን በደንብ ሳላበላው እየላክሁት ነው ብዬ ተከራክሬያለሁ። ዳዊት የወንድሜ ልጅ ነው። እናትና አባቱን በልጅነቱ አጥቶ እኔ ነኝ ያሳደግኩት። አሁን ትልቅ ሰው ሆኖ ከሰበታ አዲስ አበባ ሚኒባስ ይነዳል። እቴቴ እያለ ነው የሚጠራኝ።

ዳዊት ያገባው የቡራዩ ልጅ ነው፤ ሜሮን ትባላለች። የሰርጉ ቀን ሙሽሪትን ከቡራዩ ከወሰድን በኋላ በቀጥታ ሰበታ አዳራሽ መግባት ስንችል፣ ቪዲዮ ቀራጩ ሱሉልታ ካልሄድን ሞቼ እገኛለሁ አለ። ሜዳው አረንጓዴ ነው፣ ፈረስ አለ፣ ሙሽራው ፈረስ ላይ ሆኖ ሙሽሪትን ሲያያት እንዴት እንደሚያምር አታውቁም እያለ ለፈለፈ። ልጁ ሥራውን የሚወድ ነው፤ እምቢ ማለት አቃተን። ያንን ሁሉ ሰው ጭነን እንጦጦን ዞረን ሱሉልታ ወረድን።

ሜዳው ላይ ኦቦ ገመቹ ፈረሳቸውን ይዘው ቆመዋል። ጸጉራቸው የሸበተ፣ ወገባቸው ግን ቀጥ ያለ ሰው ናቸው። ፈረሳቸው ቦራ ይባላል፤ ግንባሩ ላይ ቀይ ዘርፍ ተንጠልጥሎለት እሱም የተሞሸረ ይመስላል። ለሰርግና ለሽርሽር ለሚመጣ ሰው ያከራዩታል። ዳዊትን ወደ ጎን ወስደው አንድ ነገር ሲነግሩት በሩቅ አየሁ፤ እኔ ከሴቶቹ ጋር ከመኪና እየወረድን ነጠላችንን እያስተካከልን ስለነበር ምን እንዳሉት አልሰማሁም። ከዚያ ዳዊት ወጣ። ነጭ ሱፍ ለብሶ፣ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ፣ የሞተውን ወንድሜን ቁጭ። እኔ ራሴን የት አውቄ። ከእግሬ ጥፍር ጀምሮ የመጣ እልልታ ነው የለቀቅኩት።

ቦራ ሄደ። ደነገጠ እንዳትሉኝ፤ ደስ ብሎት ነው የሄደው። ዳዊት ጋማውን ይዞ ትንሽ ከሄደ በኋላ ቦይ መጣ። ቦራ ቦዩን ዘለለው፣ ዳዊት ቦዩ ውስጥ ቀረ። ክንዱ ከትከሻው አጠገብ ተሰበረ። ሰርጉ ግን አልቀረም፤ ሙሽራው በጀሶ ታስሮ አዳራሽ ገባ፣ ሜሮን ኬኩን በእጇ አጎረሰችው፣ እንግዳውም ይህ እንዴት ያለ ፍቅር ነው እያለ አጨበጨበ። እኔ ጥግ ይዤ አለቅስ ነበር።

ከዚያ በኋላ ዳዊት ለወራት መሪ መጨበጥ አልቻለም። መኪናው ደጅ ቆመች። ገበያ ውስጥ ሴቶቹ ያፌዙብኛል፤ አንዷ፣ አስካለ፣ አህያዬን ሳላስር እልል እንዳትይብኝ ትለኛለች። እስቃለሁ፣ ግን አንጀቴ እያረረ ነው። የጎረቤት ልጅ ስትዳር አፌን ከፈትኩ፤ ያ ቦይ በዓይኔ መጣብኝ፤ አፌን መልሼ ዘጋሁ። አስካለ እልልታ አቆመች ተባለ። እውነትም አቁሜያለሁ።

ዳዊት ጠበቃ ይዞ ኦቦ ገመቹን ከሰሰ። ባለፈረሱ ሊያደርጉት የሚገባውን ጥንቃቄ ባለማድረጋቸው ተጎድቻለሁ፣ ለሕክምናዬና ሥራ ፈትቼ ለተቀመጥኩበት ይካሱኝ ነው ክሱ። ኦቦ ገመቹ መልስ ሰጡ። ጠበቃው ቢሮው ድረስ ጠርቶኝ መልሱን አነበበልኝ። አንደኛ፣ ፈረሱ በበዓል ግልቢያ ያደገ ስለሆነ እልልታ ከሰማ እንደሚሮጥ ለሙሽራው በግልጽ ነግሬዋለሁ። ሁለተኛ፣ ይህን እያወቀ ራሱ ፈቅዶ ወጥቷል። ሦስተኛ፣ ለጉዳቱ ምክንያት የሆነችው እልል ያለችው አክስቱ ናት እንጂ እኔ አይደለሁም።

ሦስተኛዋ ስትነበብ ወንበሩን ያዝኩት። ጠበቃው ወጣት ነው፣ ጥሩ ልጅ ነው፣ ነገር ግን ልብ ማሳረፍ አያውቅበትም። «እማማ፣ ፍርድ ቤቱ ይህችን ሦስተኛዋን ከተቀበለ ዳዊት ባዶ እጁን ነው የሚመለሰው» አለኝ። ቀጠለና፣ እስቲ በደንብ ያስታውሱ፣ መጀመሪያ የተነሳው ፈረሱ ነው ወይስ እርስዎ ነዎት መጀመሪያ እልል ያሉት ብሎ በዓይኑ አየኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ ገባኝ። አስብበታለሁ ብዬ ወጣሁ። ያን ሰሞን እንቅልፍ የሚባል ነገር በዓይኔ አልዞረም። ልጄን የሰበርኩት እኔ ነኝ፤ አሁን ደግሞ ካሳውን የማስቀረውም እኔ ልሆን ነው።

የቀጠሮው ቀን ዳዊት፣ ሜሮንና እኔ ሱሉልታ ደረስን። የፍርድ ቤቱ ግቢ በር አጠገብ ባሕር ዛፍ ላይ ማን ታስሯል? ቦራ። ኦቦ ገመቹ በፈረሳቸው ነው የመጡት፤ ሌላ መጓጓዣ እንደሌላቸው ኋላ ነገሩኝ። ሲያዩኝ ከመቀመጫቸው ተነሱ። «አካም ጂርታ፣ አስካለ?» አሉኝ። ናጋ፣ ደህና ነኝ አልኳቸው። የልጁ ክንድ እንዴት ሆነ ብለው ጠየቁኝ፣ ከልባቸው ነው። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ከሳሽና ተከሳሽ መሆናችን እንዳስከፋቸው፣ ሁሉንም ክፈል ከተባሉ ግን ቦራን ከመሸጥ በቀር ሌላ መንገድ እንደሌላቸው ነገሩኝ። እኚህን ሰው ልጠላቸው ነበር የመጣሁት። አልቻልኩም።

ችሎቱ በኦሮምኛ ነው። የኛ ጠበቃ የአዲስ አበባ ልጅ ስለሆነ አስተርጓሚ ተሰይሞለታል። እኔ አንድ ሁለት ቦታ አስተርጓሚውን ባርመው ዳኛዋ፣ ምስክር ሲጠየቅ ብቻ ነው የሚናገረው ብለው አደብ አስገዙኝ። ዳኛዋ መነጽር ያደረጉ፣ ረጋ ያሉ ሴት ናቸው። ቃለ መሐላ ፈጸምኩ። እጄን አንስቼ እውነት ልናገር ስምል ነው ነገሩ የከበደኝ።

ጠበቃው ጥያቄውን አሳምሮ አቀረበው። የሰርጉ ዕለት መጀመሪያ የሆነው ምንድን ነው፣ ፈረሱ መነሳቱ ነው ወይስ የእርስዎ እልልታ? ዳዊትን አየሁት። አንገቱን ደፍቷል። አንድ ቃል ብቻ ነው የሚጠበቅብኝ። ታዲያ እኔ አስካለ፣ የወንድሜን ልጅ ፈረስ ላይ አይቼ ፈረሱ እስኪሮጥ አፌን ዘግቼ ቆሜ ነበር ልበል? ውሸትነቱ ይቅር፣ ውርደትም ነው።

«እልልታዬ ነው የቀደመው። የኔን እልልታ ፈረስ አይቀድመውም» አልኩ።

የጠበቃው እስክሪብቶ ከእጁ ወደቀ። ኦቦ ገመቹ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። ዳኛዋ ቃሌን ጻፉና ፈረሱ የት እንዳለ ጠየቁ። ደጅ ታስሯል ሲባል፣ እንግዲያው ወጥተን እንየው ብለው ተነሱ። ፍርድ ቤቱ በሙሉ ወደ ግቢው ወጣ፤ የሌላ ጉዳይ ያለው ሰው ሁሉ ተከትሎን ወጣ።

ኦቦ ገመቹ ቦራን ከዛፉ ፈትተው ላዩ ላይ ወጡ። ዳኛዋ ወደኔ ዞረው በትሕትና፣ «እንግዲህ እልል ይበሉ» አሉኝ።

በሕይወቴ እልል በይ ተብዬ ታዝዤ አላውቅም። አፌን ከፈትኩ። የወጣው ድምፅ ጉንፋን የያዛት ዶሮ ድምፅ ነው። ቦራ አንድ ጆሮውን ወደኔ አዙሮ፣ መልሶ ሣሩን መጋጥ ጀመረ። ሰው ሳቁን ለማፈን ሲታገል ይሰማኛል። ጠበቃችን ፊቱ በራ፤ እንደምናየው ክብርት ዳኛ፣ እልልታ ይህን ፈረስ አያስነሳውም፣ ስለዚህ ተከሳሹ ያቀረቡት መከላከያ መሠረት የለውም አለ። ኦቦ ገመቹ ፈረሱ ላይ ሆነው ትክዝ አሉ። በቃ፣ አሸነፍን ማለት ነው። እኔ የሚጠበቅብኝ ዝም ማለት ብቻ ነው።

ዳኛዋ ግን ዝም አላሉም። መነጽራቸውን አውልቀው፣ «ወይዘሮ አስካለ፣ በመሐላዎ ላይ ነዎት። የሰርጉ ቀን ያሉት እልልታ ይኸው ነበር?» አሉኝ።

ነበር ብል ዳዊት ሙሉ ካሳውን ያገኛል፣ ጥፋቱም ከኔ ላይ ይነሳል፤ ለሁላችንም ይመቸናል። ኦቦ ገመቹን አየሁ፤ እጃቸው የቦራ አንገት ላይ ነው። «አይደለም ክብርት ዳኛ» አልኩ፤ «ይህ እልልታ አይደለም። እልልታ ያለ ደስታ አይወጣም።»

ዳኛዋ አልተናደዱም። እንግዲያው ጊዜ ይውሰዱ፣ የሰርጉን ቀን ያስቡ አሉኝ። ዓይኔን ወደ ዳዊት መለስኩ። ከሜሮን አጠገብ ቆሟል፤ ክራቫቱን ራሱ ማሰር ስላልቻለ እሷ ናት ያሰረችለት፣ ተጣሞ ነው የታሰረው። ይህ ልጅ በር ላይ ተቀምጦ መቼ ነው የምትመጪው እያለ ይጠብቀኝ የነበረ ልጅ ነው። መንጃ ፈቃድ ያወጣ ቀን ገበያ መሀል መጥቶ አሳይቶኛል። ቦይ ውስጥ ወድቆ ሊሞትብኝ ይችል ነበር። አልሞተም። ይኸው ቆሟል፣ ሚስት አለችው። ይህን ሳስብ ልቤ ሞላ፣ ዓይኔም ሞላ። ስንት ወር ታፍኖ የቆየው ነገር ሁሉ አንድ ላይ መጣ፤ ለቀቅኩት።

ቦራ ሣሩ ገና አፉ ውስጥ እንዳለ ነው የተነሳው። ግቢውን ዞረ፣ አስተርጓሚው ደረጃው ላይ ዘለለ፣ ጠበቃችን የፖሊሱ ጀርባ ገባ። ነገሩን ያባሰው ደግሞ ከበሩ ውጭ ወረፋ የሚጠብቁት ሴቶች ናቸው። እልልታ ሰምታ ዝም የምትል ሴት የት አለች? አንዷ ጉዳይ የረታች መስሏቸው እነሱም ተቀብለው አቀለጡት። ቦራ ይህን ሲሰማ ይብስ ብሎት በበሩ ወጥቶ በአስፋልቱ ወደ ገበያው ተፈተለከ። ኦቦ ገመቹ ባርኔጣቸው ወድቆ፣ ጋቢያቸው ከኋላቸው እየተውለበለበ ሲሄዱ አየናቸው። የሚፈሩ ሰው አይመስሉም ነበር፤ እንዲያውም በዱላቸው ለሰው ሰላምታ እየሰጡ ነው የሄዱት።

ፍርድ ቤቱ ተከሳሹ እስኪመለሱ ቆሞ ጠበቀ። ሲመለሱ ቦራ በላብ ተጠምቋል። ኦቦ ገመቹ ወርደው እጅ ነሱና፣ ይቅርታ ክብርት ዳኛ፣ ዘገየሁ አሉ። ዳኛዋ ፊታቸውን ወደ መዝገቡ ደፉ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ።

ችሎቱ ውስጥ ተመልሰን ስንቀመጥ ሳቁ ጠፋ። እኔ የሠራሁትን አሁን ነው የተረዳሁት። የልጄን ክስ በገዛ አፌ ገደልኩት። ዳኛዋ ዳዊትን አስነሱት። ፈረሱ እልልታ ሲሰማ እንደሚሮጥ ተነግሮዎት ነበር ወይ ብለው ጠየቁት። ጠበቃው አጉረመረመ። ዳዊት ወደኔ አየ።

«ነግረውኛል» አለ።

«ለዘመዶችዎ ተናግረዋል?»

«አልተናገርኩም።»

«ረስተው ነው?»

«አልረሳሁም፤ ሆን ብዬ ነው» አለ። «ከልጅነቴ ጀምሮ ለኔ እልል ያለችልኝ እሷ ብቻ ናት። በሰርጌ ቀን ዝም በይ ልላት አልቻልኩም። ልስማው ብዬ ነው። የፈረሱንም ገመድ ኦቦ ገመቹ ይዘውት ነበር፤ ቪዲዮው ውስጥ ገመድ እንዳይታይ ልቀቁልኝ ብዬ ያስለቀቅኳቸው እኔ ነኝ።»

ሜሮን እጄን ያዘችኝ። እኔ ያንን ሁሉ ወር ልጄን ሰበርኩት እያልኩ ስብሰለሰል፣ ልጁ ያን እልልታ እያወቀ፣ ፈረስ ላይ ሆኖ ሲጠብቀኝ ነበር።

ፍርዱ የተሰጠው በሌላ ቀጠሮ ነው። ዳኛዋ ሰው እንዲገባው አድርገው አስረዱ። አስጠንቅቄያለሁ ማለት ብቻውን አይበቃም አሉ፤ ለሰርግ ፈረስ የሚያከራይ ሰው እልልታ እንደሚኖር ያውቃል፣ አንድ ሙሽራ ጆሮ ላይ ተናግሮ ገመዱን መልቀቅ አልነበረበትም። ፈረስ ላይ ለመውጣት የፈቀደ ሰውም ለመውደቅ ፈቅዷል አይባልም። ነገር ግን ከሳሽ አደጋውን እያወቀ ለዘመዶቹ አልተናገረም፣ ገመዱንም አስለቅቋል፤ ስለዚህ ለደረሰበት ጉዳት ራሱም ድርሻ አለው፤ ተከሳሽ የጉዳቱን ግማሽ ይካሱ፣ ግማሹን ከሳሽ ራሱ ይቻለው። ጨርሰው ሊነሱ ነው ስል ቀና ብለው እኔን አዩኝ። በሰርግ ላይ እልል ያለች አክስት ያጠፋችው ምንም ነገር የለም አሉ። ይህን በዳኛ አፍ ስሰማ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። ኦቦ ገመቹም በየጊዜው እንዲከፍሉ ከዳዊት ጋር ተስማሙ፣ ቦራም አልተሸጠም። ዛሬ ሰው ፈረሱ ላይ ከመውጣቱ በፊት በሁለቱም ቋንቋ ጮኸው ለሜዳው ሁሉ ይናገራሉ፣ ገመዱንም ለማንም ካሜራ ብለው አይለቁም።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ እንደኔ ጥፋትን ሁሉ ሰብስቦ የመሸከም ጠባይ ያላችሁ ካላችሁ ስሙኝ። ዕድሜዬን በሙሉ ጥፋት ከአንድ ሰው ላይ ወርዶ ሌላው ላይ የሚጫን አንድ ሸክም ይመስለኝ ነበር፤ ስለዚህ ሰው እንዳይጎዳብኝ ብዬ እኔ እጫነዋለሁ። ለካ ይከፋፈላል። ባለፈረሱ የራሱ አለው፣ ሙሽራው የራሱ አለው፣ አንዳንዴም እናንተ ምንም የላችሁም። አሁን የጎረቤቴ ወጥ ሲያር መጀመሪያ፣ አንቺስ እሳቱን ለምን አልቀነስሽም እላታለሁ። ደንግጣ ታየኛለች፤ ቀስ እያለች ትለምደዋለች። እልልታውንም ቀጥያለሁ፤ ሰርግ ቤት ስደርስ ግን በዓይኔ ግቢውን አማትራለሁ፣ ፈረስ ካለ የባለቤቱን ስም እጠይቃለሁ።

የፍርዱ ዕለት ከሱሉልታ ስንመለስ ዳዊት መስኮቱ አጠገብ፣ እኔ ከጎኑ ተቀምጠናል። ያጣው ግማሽ እየቆጨኝ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ለሱ ነው የቆጨኝ። ልጄ፣ ያንን ዝም ብትል ኖሮ ሙሉውን ታገኝ ነበር፣ አይቆጭህም ወይ አልኩት።

ደህናውን እጁን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገ። «ግማሹ እኮ አልጠፋም እቴቴ» አለኝ፤ «እልልታሽን የሰማሁበት ዋጋ ነው። በርካሽ ነው ያገኘሁት።»